ሮም ነግቶለት ማሻ የመሸበት

መጣ። ሮማኖ መጣ። ስምንት ቀን ሮም ሰንብቶ፣ በስምንት ወር የማያልቅ ወሬ ተሸክሞ መጣ። ሰፈሩ «ሮማኖ» ያለው ከሮም ስለመጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከላይ ሲያዩት እንደ ሮማን ቀላ ብሎ ያምራል፤ ሲፈለቅቁት ግን አንዲት ፍሬ የለችም። ቱሪስት ሆኖ ሄዶ ቱሪናፋ ሆኖ የተመለሰ ሰው ማየት የሚፈልግ፣ ይኸውላችሁ ጀበናው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጧል።

ውጭ የማሻ ዝናብ ቆርቆሮውን ይወግራል። እሱ ስልኩን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ፎቶ ያሳያል። አሳይቶ ሲጨርስ ምን አለ መሰላችሁ? «ማሻ ምን የሚታይ አላት? ምንስ የሚበላ አላት? መሽቶባት የቀረች ከተማ! ጣሊያንን ያላየ አየሁ አይበል፣ ጣሊያን ያልበላ በላሁ አይበል።»

ሰማችሁ አይደል? በሉ ስኒያችሁን አስቀምጡ። ትኩስ ቡና ይዞ መሳቅ ያቃጥላል።

በቋንቋው እንጀምር፤ አፉን የሞላው እሱ ነውና። «ፌርማታው ጋ ወርጄ፣ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ፒያሳ ደረስኩ» ሲል ጣልያንኛ ያቀላጠፈ መስሎታል። አንተ ሰው፣ ይሄንንማ ቴፒ መናኸሪያ ጎማ የሚነፋ ልጅም ይለዋል! ጎማ ራሱ የነሱ ቃል ነው። ማርሽ የነሱ ነው። ፍሪሲዮን የነሱ፣ ካንዴላ የነሱ፣ ሳልሳ የነሱ፣ ካልሲህ የነሱ፣ ስትለየን የምትወረውራት «ቻው» የነሱ። ሚዛን ተፈሪ ጋራዥ ውስጥ ግማሽ ቀን የዋለ ልጅ ያንተን ስምንት ቀን ያስከነዳል። እሱ ቢያንስ ካንዴላ መፍታት ተምሮ ይወጣል።

እሺ፣ እነሱስ ከእኛ ምን ቃል ወሰዱ? ይኸው ጣራ ጣራ ያያል። ጣራው አይነግርህም፤ እኔ ልንገርህ። ጣሊያን ቤቱ ሲተራመስ፣ ወረቀቱ ሲደባለቅበት «ምን ዓይነት አምባራዳን ነው!» ይላል። ቃሉ የመጣው ከአምባ አራዶም ነው፤ በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ከተደረገበት ተራራችን። እኛ ከነሱ ፌርማታ ወስደን ሰው አቆምንበት። እነሱ ከእኛ ተራራ ወስደው ትርምስምስ አሉት። አንተ ደግሞ ያገርህ ተራራ በጆሮህ አጠገብ ሲያልፍ ሰላም ሳትለው መጣህ።

ቆይ፣ ያቺን ፎቶ መልሳት። አዎ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የተነሳሃትን። ሁለት ጣት አውጥተህ፣ ጥርስህን አስጥተህ። አደባባዩ ማን ይባላል? «እኔ እንጃ፣ አውቶቡስ የበዛበት ነው።» አያችሁልኝ? ፒያሳ ዴይ ቺንኳቼንቶ ይባላል። የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ያገኟቸው የጣሊያን ወታደሮች! ሮም ሙታኗን ልታስብ አደባባይ ሰየመችላቸው። አንተ የአሉላ የልጅ ልጅ እዚያው መሐሉ ላይ ቆመህ ሁለት ጣት አወጣህ። አምስት መቶ ቢሉህ ሁለት ቆጠርክ!

«ሐውልትማ አየሁ» ይላል ደግሞ። የቱን? «ቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ መሐል ያለውን። አቤት የጣሊያን እጅ!» የጣሊያን እጅ? ወንድሜ፣ እሱ የግብፅ ነው! ሮም የቆሙት የጥንት ግብፅ ሐውልቶች ስምንት ናቸው። ማድነቅህ ደግ ነው፤ አድራሻው ነው የተሳሳተው። የራስህንስ ሐውልት ቦታ አይተሃል? ፖርታ ካፔና፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ፊት ለፊት። በ1929 ዓ.ም. ከአክሱም የተነቀለው፣ 24 ሜትር የሚረዝመው፣ በሚያዝያ 1997 ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአውሮፕላን የገባው፣ በነሐሴ 2000 ቦታው ላይ የቆመው። ሮም ውስጥ የሰው ሐውልት ሁሉ እየዞርክ ስታይ፣ ወደ ቤቱ የተመለሰውን አንዱን ዘለልከው። የቤትህን በር ረስተህ የጎረቤት አጥር ትቆጥራለህ።

ጨመረላችሁ፦ «ሮምን በስምንት ቀን ጨረስኳት።» ስምንት ቀን? አበበ ቢቂላ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሳት! ያውም በባዶ እግሩ። ያውም በምሽት። ያውም ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ። ያኔ ገና እዚያው ቆሞ የነበረውን የአክሱም ሐውልት ሲያልፍ እግሩን ጨመረበት፤ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር ብቻውን ገባ። አንተ አዲስ ጫማ አድርገህ «ተረከዜን ላጠኝ» ብለህ ታክሲ ጠራህ። እሱ ወርቅ ይዞ ተመለሰ። አንተ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ይዘህ ተመለስክ። ፍሪጅህ ደግሞ ከተበላሸ ሁለት ዓመቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉራ መጣን፦ ኮሎሲየም። ቆሎ ሲያምርህ እዚሁ መጥበስ ስትችል ኮሎሲየም ድረስ ሄድክ። ተሰለፍክ። ከፈልክ። ከ1,900 ዓመት በላይ የቆየ፣ ሰው ከሰው፣ ሰው ከአውሬ የሚታገልበት፣ 50 ሺህ ያህል ተመልካች ይይዝ የነበረ ሞላላ ግንብ አየህ። ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። «ዩኔስኮ የመዘገበው ነው!» ብለህ ጣትህን ስታወዛውዝብን ግን ያዝኩህ። የኛው የሸካ ደንስ? በ2004 ዓ.ም. ዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቦታል። ከ238 ሺህ ሄክታር በላይ! አንተ እኮ የተወለድከው ዩኔስኮ ውስጥ ነው! ፍየል የጠበቅከው ዩኔስኮ ውስጥ ነው! ከዩኔስኮ ተነስተህ፣ ዩኔስኮ ለማየት ከፍለህ፣ ወደ ዩኔስኮ ተመልሰህ «ምን የሚታይ አለ?» አልክ። ዓሣ ወደ ከተማ ወጥቶ በብርጭቆ ውሃ ገዝቶ ገባ ቢሉኝ የማምነው አሁን ነው።

የኛ ኮሎሲየም በር የለውም፣ ሰልፍ የለውም። አውሬውም ከሰው ጋር ጠብ የለውም። ጉሬዛው ጥቁርና ነጭ ካባውን ደርቦ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ታየዋለህ፤ ያንተ ግላዲያተር በቲያትር ልብስ በር ላይ ቆሞ ለፎቶ ገንዘብ ሲጠይቅህ፣ ጉሬዛ አንድ ሳንቲም አይጠይቅህም። ጧት ጉሙ ከዛፉ ራስ ላይ ሲነሳ ብታይ፣ ሸካ ሸካራ የሚመስለው በጨለማ ለሚዳስሰው ብቻ እንደሆነ ይገባህ ነበር።

ትሬቪ ፏፏቴ ጋ ደግሞ ሳንቲም በትከሻህ ላይ ወደ ኋላ ወረወርክ። ተመልሼ እመጣለሁ ብለህ። ሳንቲሙን ካሪታስ ሰብስቦ ለችግረኛ ያውለዋል፣ ይሁን፣ ጽድቅ ነው። ግን የእድር መዋጮ ሲጠየቅ «ለነገ» የምትል ሰው፣ ማንም ሳይጠይቅህ ሳንቲም ውሃ ውስጥ ጣልክ? ያውም የትሬቪ ውሃ ዞሮ ዞሮ እዚያው ገንዳው ውስጥ ነው። ትሬቪ ያለ ትርፍ! የኛ ውሃ ከሸካ ጫካ ተነስቶ ባሮ ይገባል፣ ከባሮ ነጭ ዓባይን ይዞ ግብፅ ይወርዳል። ያ ያደነቅከው ሐውልት የተጠረበበት አገር ሰው የኛን ዝናብ ይጠጣል፤ አንተ ግን ጃንጥላህን ዘርግተህ «ይሄ ዝናብ መቼ ነው የሚያባራው?» ትላለህ።

«እዚያ ሥርዓት አለ» አለ ደግሞ። ምን ሥርዓት? «የስፔን ደረጃ የሚባለው ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፣ የተቀመጠ ይቀጣል።» እውነቱን ነው፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። እና ይሄ ስልጣኔ ሆነ። የሸካ አባቶች ግን ከጥንት ጀምሮ «ይህ ደን የተቀደሰ ነው፣ እዚህ መጥረቢያ አይገባም» ሲሉ፣ የጎሳ መሪ ሲጠብቀው፣ ኋላ ቀርነት ሆነ! ሮም ደረጃ ሲጠብቅ ደረጃው ከፍ ይላል፤ ማሻ ዛፍ ሲጠብቅ ደረጃው ዝቅ ይላል። የማን ሚዛን ነው ይሄ? የሚዛን ተፈሪ ሚዛን እንኳ እንዲህ አያዳላም!

እዚህ ላይ ሳቁን ያዙልኝ። «ምን የሚታይ አለ» የምትል አፍ ቀላል አፍ አይደለችም። ደን የሚመነጥር ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው መጥረቢያ አይደለም፤ «ባዶ ጫካ ነው» የሚልለት ያገር ልጅ ነው። ብረቱን እሱ ያመጣል። እጀታው አንተ ትሆናለህ፣ ሮማኖ። ያንን እንድትሆን ስለማልፈልግ ነው ዛሬ በሰው ፊት የያዝኩህ።

በሉ ሳቁን ልቀቁት፣ የፒሳ ፎቶ መጣ። እጁን ዘርግቶ የዘመመውን ግንብ ደግፎ! ግንቡ የዘመመው መሬቱ ስለለሰለሰ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1173 ተጀምሮ ገና ሳያልቅ ነው የተንጋደደው። እሺ ደገፍከው። እናትህ «ልጄ፣ አጥሩ ዘመመ» ሲሉህ ግን «ወገቤን ያመኛል» ያልከው ማን ነበር? የሰው አገር ግንብ ሲሆን ወገብህ ዳነ?

አሁን ወደ ማዕዱ።

«ፒዛ በላሁ። እውነተኛ ፒዛ! ሊጡ 48 ሰዓት የቦካ!» አርባ ስምንት ሰዓት? እናትህ ኮጮውን ወራት የሚያስቦኩ ሴት ናቸው! እንሰቱን ፍቀው፣ ጨምቀው፣ በቅጠል ጠቅልለው፣ ጉድጓድ ቀብረው፣ ድንጋይ ጭነው፣ እየከፈቱ እያሸቱ። ከዚያ ከትፈው፣ አሽተው፣ በኮባ ሸፍነው ምጣዱ ላይ ሲያደርጉት፣ ኮባው ጠርዝ ጠርዙን ሲጠቁርና ጭሱ ቤቱን ሲሞላ። ያ ሽታ ያሳደገህ ልጅ ነህ የሁለት ቀን ሊጥ ልታስተምረን የመጣኸው? ልምድ ቢጠየቅ ያንተ ፒዛ ለእናትህ ኮጮ ተላላኪ ሆኖ አይቀጠርም!

«ኮጮ እኮ የድሃ ምግብ ነው።» ወይ ልጄ! ፒዛም የናፖሊ ድሆች የመንገድ ምግብ ነበር! ቲማቲሙ ራሱ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው፤ ጣሊያን ያወቀችው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በእንግዳ ቲማቲም ሳልሳ ሠርታ፣ የድሆቿን ቂጣ አክብራ፣ የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎችን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኔስኮ መዝገብ ላይ አስጻፈች። ጎበዝ! እኔ ጣሊያንን እዚህ ላይ አደንቃታለሁ። ጣሊያን ባላት ትኮራለች። አንተ የኮራኸው ጣሊያን ባላት ነው።

ከሁሉ ከሁሉ ያሳቀኝን ልንገራችሁ። «ባዚሊኮ የሚባል ተአምረኛ ቅጠል አለ፣ ፒዛው ላይ ጣል ያደርጉታል፣ ሽታው ልብ ይሰርቃል» አለ። በሶብላ ነው፣ ሮማኖ! በሶብላ! ጓሯችሁ ያለው! በግ ሲበላው «እሽ» የምትለው! ቀጠለ፦ «ሪኮታ የሚባል ነጭ፣ ለስላሳ፣ ፍርፍር የሚል ነገር አለ።» የአይብ የአክስት ልጅ ነው! ስምንት ቀን ሙሉ ዘመዶችህን እየበላህ ሳታውቃቸው ከረምክ።

ጄላቶውንስ? «ሦስት ዓይነት ቀለም ያለው ጄላቶ ላስኩ» ይላል። ጄላቶ ልሶ ጅላቶ ሆኖ መጣ። ና የማሻን ነጭ ማር ላስቀምስህ። ገተም ሲያብብ ንቧ ከገተሙ ቀስማ የምትሠራውን፣ ሲረጋ እንደ ቅቤ የሚነጣውን። ማሩን የሚቆርጠው ሰው እንደ ጄላቶ ሻጭህ በመስታወት ጀርባ ቆሞ «የቱን ልስጥህ?» አይልም። በማታ፣ ገመድ ታጥቆ፣ የሚጨስ ችቦ ይዞ ሰማይ ጠቀስ ዛፍ ይወጣል። ንቡ ጆሮው ላይ ይጮሃል። ቀፎውን በአንድ እጁ ይከፍታል፣ በሌላው ዛፉን ያቅፋል። ታች ያሉት ልጆች አንገታቸውን ሰብረው ወደ ላይ ያያሉ፤ እሳቱ ከቅጠሉ መሐል ብልጭ ሲል እንደ ኮከብ ይቆጥሩታል። ማሩ ወርዶ በኮባ ላይ ሲዘረገፍ፣ የመጀመሪያውን የማር እንጀራ ቆርሰው ለልጅ ያጎርሳሉ። ያን ያህል ከፍታ አንተ በሊፍት እንኳ ወጥተህ አታውቅም።

ቡናውን ለመጨረሻ ያቆየሁት አዝኜልህ ነው። «ቡና ማለት ጣሊያን ነው» ያልክ ጊዜ ቡናውን የሚያፈሉልን እትዬ እጣን መጨመር አቆሙ። አስተዋልክ? ጀበናውም ገንፍሎ ሊሰድብህ ትንሽ ነበር የቀረው።

ኤስፕሬሶ፦ 7 ግራም ዱቄት፣ 25 ሰከንድ፣ 25 ሚሊ ሊትር። ሃያ አምስት ሚሊ ሊትር! በማንኪያ ሰፍሮ ለሳል የሚሰጥ ነገር ነው ይሄ። ያውም ብዙ ጊዜ ሮቡስታ የተቀላቀለበት። እኛ ጋ በ25 ሰከንድ እጣኑ እንኳ አይያያዝም። ቡናው ይታጠባል፣ ምጣዱ ላይ ይንሿሿል፣ እትዬ ጭሱን በእጃቸው እያራገቡ በየአፍንጫችን ያዞሩታል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ያንተ ቡና ስሙን ጠርተህ ሳትጨርስ አለቀ። የኛ ቡና ሙግት ጀምሮ፣ አጣልቶ፣ አስታርቆ ነው የሚያልቀው።

ይባስ ብሎ «ቆሜ ጠጣሁ» አለ። ቆሞ! ለምን? ከተቀመጠ ዋጋው ይጨምራላ! ስሙ እንግዲህ፤ ቂጥ ለማሳረፍ የሚከፈልበት አገር ሄዶ ነው ዱካችንን የናቀው። ቆሞ የሚጠጣ በቅሎ ነው፣ ወንድሜ፤ በቅሎም ብትሆን ጭነቷን ታወርዳለች፤ አንተ ግን ቦርሳህን ጀርባህ ላይ እንደተሸከምክ ጠጣህ። ላቴ ብለህ ስታዝ ደግሞ ባዶ ወተት አመጡልህ አይደል? ላቴ ማለት ወተት ነዋ! ቋንቋ እችላለሁ ብለህ ሮም ላይ እንደ ጡት ልጅ ወተት ጠጥተህ ወጣህ።

ለመሆኑ ቡና ከየት እንደሄደ ታውቃለህ? ዓረቢካ የሚባለው ቡና ዱሩ እዚህ ነው፤ በዚሁ በደቡብ ምዕራብ ጫካ፣ በዛፍ ጥላ ስር፣ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል። ጌሻ የሚባለው ዘር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ ጫካ ተለቅሞ ወጣ፣ አገር ላገር ዞሮ ፓናማ ደረሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ፓናማ ውስጥ ውድድር አሸንፎ በጨረታ ዋጋው ጉድ አሰኘ። ዛሬ በውድ ካፌ አንድ ስኒ ጌሻ የሚጠጣ ፈረንጅ ዓይኑን ጨፍኖ «አበባ አበባ ይላል» ይላል። ጌሻ እኮ ጎረቤታችን ነው! ገበያ የምንገናኝ ሰዎች ነን! የጎረቤትህ ልጅ በዓለም ነግሦ አንተ «እኔ የማውቀው ኤስፕሬሶ ነው» ትላለህ?

እኛ ደግሞ ፍሬውን ብቻ አይደለም፣ ቅጠሉንም እንጠጣዋለን። ጨሞን ረሳኸው? ቅጠሉን ወቅጠው፣ ከዝንጅብልና ከነጭ ሽንኩርት ጋር አፍልተው፣ ቃሪያውን ጨምረው ሲሰጡህ፣ አንድ ጊዜ ፉት ስትል ከአፍንጫህ እስከ እግር ጥፍርህ የሚጠራህ። በዚህ ብርድና ዝናብ የጨሞ ስኒ በመዳፍህ መሐል ይዘህ ታውቃለህ? ታውቃለህ እንጂ፤ በጨሞ ነው ያደግከው! ጣሊያን ከቡናው ዛፍ የሚያውቀው ፍሬውን ነው፣ እሱም ተቆልቶ። አንተ ዛፉን ከነቅጠሉ የምታውቅ ሰው ነበርክ፣ ስምንት ቀን አስረሳህ።

ሂድ፣ ሮም ሂድ። ነገም ሂድ። ሮም ቆንጆ ናት፣ የሰው ልጅ ድንጋይን ምን ያህል እንዳናገረው የሚታይባት ናት። እኔም ዕድሉን ባገኝ እሄዳለሁ። አሉላን ይዤ እሄዳለሁ፣ አበበን ይዤ እሄዳለሁ፣ አንድ ጣሳ ነጭ ማር ይዤ እሄዳለሁ። ያን ሁሉ ይዞ የሄደ ሰው ፒያሳ ዴይ ቺንኳቼንቶ ላይ ሲቆም እጁን ምን እንደሚያደርገው ያውቃል። አንተ ባዶህን ሄደህ ነው ባዶ ያየኸን።

አሃ! ዝም አለ። አያችሁት? ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዝናቡም ቀነሰ መሰለኝ። እትዬ ቶናውን ቀድተው ረከቦቱን አስጠጉ፤ ሽታው ከአፍንጫው ሲደርስ ሮማኖ ዱካው ላይ ተንቀሳቀሰ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ቀስ ብሎ ስኒውን ዘረጋ።

እትዬ ጀበናውን ይዘው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ቆመህ ነው ተቀምጠህ?» አሉት። «ዋጋው አንድ ነው።»